ከጆንያው አፍ የተዘገነ ቁጥር

አምበር ገበያ ላይ ጤፍ የሚገዛ ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሻጩ ጆንያውን ፈትቶ “እየው፣ ማኛ ነው!” ይለዋል። ነጋዴው ከላይ ያለውን በመዳፉ ዘግኖ እፍ ይልበታል፣ ያሸዋል፣ መልሶም ያፈሰዋል። ዋጋ ግን አይጠራም። መጀመሪያ ያችን ጫፏ የሾለ ብረት ያወጣና ጆንያውን ከጎኑ፣ ቀጥሎም ከታች ይወጋዋል። ከመሀል ሰርገኛ ወጣ? ከታች አሸዋ ወጣ? ዋጋው የሚቆረጠው ያኔ ነው። ሻጩም “ተጠራጠረኝ” ብሎ አይቀየምም። የጆንያ አፍ ለጆንያ ሆድ ምስክር እንደማይሆን ሁለቱም ያውቁታል።

ይህ ነጋዴ በስታትስቲክስ ትምህርት ደጃፍ አላለፈም። ናሙና አወሳሰድን ግን ዲግሪ ይዘው፣ መጠይቅ ታቅፈው ወደየትምህርት ቤቱ ከሚመጡት ከብዙዎቹ በተሻለ ያውቀዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። እሱ ሲሳሳት የሚከስረው የራሱን ብር ነው። መጠይቅ ይዞ የመጣው ሲሳሳት የሚከስረው ሌላ ሰው ነው። የዛሬው ጠቤ ከዚህ ይጀምራል።

የካቲት ላይ የመጣ መጠይቅ

10ኛ ክፍል እያለሁ ነው። ትምህርት ቤቱ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ነው፤ ስሙ ለዛሬው ጨዋታ አያስፈልገንም። አንድ ቀን ሁለት እንግዶች ፎቶ ኮፒ የተደረገ ወረቀት ይዘው ክፍላችን ገቡ። ጉዳዩ ያለዕድሜ ጋብቻ ነው። ወረቀቱ ለሁላችንም ስለማይበቃ ሆምሩም መምህራችን “ጎበዝ ጎበዞቹን” መረጠላቸው፤ ከፊት የሚቀመጡትን፣ ደብተራቸው የጸዳውን፣ እጅ የሚያወጡትን። ወረቀቱ አናት ላይ “ስም” የሚል ባዶ መስመር ነበረው። መምህሩ በወንበሮቹ መሀል እየተንጎራደደ ከትከሻችን በላይ ያነባል። ጥያቄው ደግሞ በአጭሩ “ወላጆችህ ያለዕድሜህ ሊድሩህ ሞክረው ያውቃሉ?” የሚል ነው። አዎ፣ ወይም አይ።

አሁን ወሩን ልብ በሉልኝ። ወሩ የካቲት ነው። ጥር በእኛ አገር የሠርግ ወር ነው። ከኋላዬ ትቀመጥ የነበረች ልጅ ለጥምቀት ወደ ገጠር ቀበሌዋ እንደሄደች አልተመለሰችም። ተከራይታበት የነበረውን ክፍል ሌላ ተማሪ ገብቶበታል፤ ወንበሯ ላይም የሰው ደብተር ተቀምጧል። መጠይቁ የሚፈልገው እሷን ነበር። የመጣው ግን እሷ ወደሌለችበት ክፍል ነው።

እንግዶቹ ወረቀታቸውን ሰብስበው ሄዱ። “አዎ” ብሎ የጻፈ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ከጊዜ በኋላ በአንድ ስብሰባ ላይ “በተማሪዎቻችን ዘንድ ችግሩ በእጅጉ ቀንሷል፤ ጥናት አረጋግጧል” ሲባል ሰማን። አጨበጨብን። አዎ፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

እስቲ በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ የተሠራውን ስህተት እንቁጠር። አንደኛ፣ የተዳሩት ልጆች ክፍል ውስጥ ስለሌሉ ሊጠየቁ አይችሉም ነበር። ሁለተኛ፣ ካሉትም መካከል የተጠየቁት በዕጣ ሳይሆን በመምህሩ ምርጫ ነው። ሦስተኛ፣ ስምህን ጽፈህ፣ መምህር ቆሞብህ፣ በአባትህ ላይ ምስክርነት ስጥ ተብለሃል። አራተኛ፣ ጊዜው የተመረጠው ለጠያቂው ምቾት ነው፤ ከጥር በፊት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ልጅቷ ራሷ ትናገር ነበር። አንድ ጆንያ፣ አራት ጊዜ ከአፉ ተዘገነ።

ክፉ ሰው አያስፈልገውም

“አድልዎ” ስንል ወዲያው የሚታየን ተንኮለኛ ሰው ነው። ለዘመዱ የሚያደላ ዳኛ፣ ጉቦ የበላ ሹም። በናሙና ውስጥ ያለው አድልዎ ግን ተንኮለኛ አያስፈልገውም። እነዚያ እንግዶች ቅን ሰዎች ነበሩ፤ ለልጆቹ ብስኩት ሁሉ ይዘው መጥተዋል። ቅንነት ግን የጎደለውን ሰው ወደ ክፍል አያመጣም።

ብዛትም አያድንም። ይህን ለማይቀበል ሰው ሁሌ የምነግረው የአሜሪካኖቹን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936፣ ጣልያን አዲስ አበባ በገባበት በዚያው ዓመት፣ ሊተራሪ ዳይጀስት የሚባል ታዋቂ መጽሔት የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት ሊተነብይ ተነሣ። ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች ወረቀት ላከ። ወደ 2.4 ሚሊዮን ገደማ መለሱለት። ከዚያም ላንደን ሩዝቬልትን 57 በመቶ በሚሆን ድምፅ ያሸንፋል ብሎ አወጀ። የምርጫው ዕለት ሩዝቬልት 61 በመቶ ገደማ አገኘ፤ ላንደን ያሸነፈው በሁለት ግዛቶች ብቻ ነበር። ጋሉፕ የተባለው ሰው ወደ 50,000 የሚጠጉ ሰዎችን ብቻ ጠይቆ አሸናፊውን በትክክል ተናግሯል።

መጽሔቱ ምን ነካው? አድራሻዎቹን በብዛት ያገኘው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር። በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን ነው? በዚያ ላይ ወረቀቱን ሞልቶ የመመለስ ትዕግሥት የነበረው ማን ነው? ሁለት ሚሊዮን ሰው ከጆንያው አፍ ቢዘገን ያው አፍ ነው።

ዛሬ በቴሌግራም ቻናሉ “ድምፅ ስጡ” ብሎ፣ ማታ “የኢትዮጵያ ወጣት እንዲህ ይላል” እያለ የሚለጥፍ ወዳጄ ይህን ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል። ወንድሜ፣ የጠየቅኸው የኢትዮጵያን ወጣት አይደለም። የጠየቅኸው ስልክ ያለውን፣ ካርድ የሞላውን፣ ኔትወርክ ያልተዘጋበትን፣ አንተን ለመከተል የወደደውንና ያን ዕለት ጠቅ ማድረግ ያሰኘውን ሰው ነው።

ማን ቤት ነበር?

ሁሉም ጥናት እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደውን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ውሰዱ። በመላ አገሪቱ 645 የቆጠራ ቦታዎችን በዕጣ መርጦ፣ ከየቦታው ደግሞ ቤቶችን በዕጣ መርጦ ነው የሄደው። ለቃለ መጠይቅ ብቁ ከሆኑ 16,583 ሴቶች 15,683ቱን አነጋገረ፤ 95 በመቶ። ከ14,795 ወንዶች ግን 12,688ቱን ብቻ፤ 86 በመቶ። ላለመጠየቃቸው ዋናው ምክንያት ደጋግሞ ተሂዶም ቤት አለመገኘታቸው ነው። ይህን ጥናቱ ራሱ ጽፎታል። የሚከበር ጥናት ማለት ለእኔ ጉድለቱን በራሱ አፍ የሚናገር ነው።

ያ ዳሰሳ በየቤቱ ሄዶ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 የሆኑ ሴቶችን ሲጠይቅ፣ ግማሾቹ ያገቡት 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው ሆኖ ተገኘ። ሕጉ 18 ይላል። እነዚህ ሴቶች በእርግጥ የዛሬ ተማሪዎች አይደሉም፤ የሚናገሩትም ወደኋላ ተመልሰው ነው። ቢሆንም ቤቷ ድረስ ተሂዶ የተጠየቀች ሴት የምትነግራችሁን፣ ክፍል ውስጥ የቀሩት “ጎበዝ ጎበዞች” ሊነግሯችሁ አይችሉም።

ቤት ለቤት መሄድም ቢሆን የራሱ ቀዳዳ አለው። የእኛ አገር የቅኔ አገር ነው። ዲማ፣ ደብረ ወርቅ፣ ደብረ ኤልያስ እያላችሁ ቁጠሩ። የ15 ዓመቱ የቆሎ ተማሪ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ካለች ጎጆ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት የሚሄድ ጥናት በመዝገብ አያገኘውም፤ እናቱ ቤት የሚሄድ ጥናት “ለትምህርት ሄዷል” ይባላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሚመጣ ጠያቂ አጨዳና ውቂያ ላይ ያለውን ልጅ ያጣዋል። ለእርሻ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የወረደውንም ያጣዋል። ቅዳሜ የሚመጣ ጠያቂ ደግሞ ድርቆሽና ሽሮ ሊያመጣ ወደ ቤተሰቡ የሄደውን ተከራይ ተማሪ ያጣዋል። ቀን መምረጥ ሰው መምረጥ ነው።

ስልክም እንዲሁ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ቤት ለቤት መሄድ ሲከለከል የዓለም ባንክ ኢትዮጵያውያንን በስልክ መጠየቅ ጀመረ። በመጀመሪያው ዙር ከተገኙት 3,249 ቤተሰቦች የገጠሮቹ 978 ብቻ ነበሩ። ሲሶ እንኳ አይሞሉም፤ አብዛኛው ሕዝቧ ገጠር በሚኖርባት አገር! አጥኚዎቹ ይህን አልደበቁም፤ በስሌት ለማቃናትም ሞክረዋል። ስሌት ስልክ ያላቸውን የገጠር ሰዎች ድምፅ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ስልክ የሌለው ሰው ምን እንደሚል ግን ሊፈጥር አይችልም።

“ስንት በሬ አለህ?”

እሺ፣ ትክክለኛው ሰው በዕጣ ተመረጠ፣ ቤቱም ተገኘ እንበል። እውነቱን ይነግራችኋል?

የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ እርሳስና ወረቀት የያዘ እንግዳ ሲያይ ከብቱን ቢያሳንስ “ውሸታም” ለማለት አትቸኩሉ። በ1960 ዓ.ም. አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ። ግምት የሚያወጡ ሰዎች ሊሰማሩ ሲሉ ሞጣና ቢቸና አመፁ። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም አሰማራ። በመጨረሻ ግን ግብሩ ቀርቶ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴም ከቦታው ተነሡ። እንደገና በ1989 ዓ.ም. በክልሉ የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ “ቢሮክራሲ” እና “ቅሪት ፊውዳል” የተባሉ ሰዎች መሬታቸው ተቀንሶ ለሌላ ተሰጠ። “ስንት ጥማድ አለህ?” ለሚለው ጥያቄ መልሱ ዋጋ እንደሚያስከፍል አያቱም አባቱም አይተዋል።

ያው ገበሬ የእርዳታ እህል ለመመዝገብ የመጣ ሰው ቢጠይቀው ደግሞ የቤተሰቡን ቁጥር ከፍ ያደርገው ይሆናል። ሰውየው አልተቀየረም፤ የተቀየረው ጠያቂው ነው። ስለዚህ “ምን ተባለ?” ከማለታችሁ በፊት “ማን ጠየቀ? ለምን? መልሱ ማንን ይጎዳል?” በሉ። ከላይ ያልኳችሁ መምህር ከትከሻችን በላይ ባያነብ ኖሮ የእኛም መልስ ሌላ ይሆን ነበር።

8.4 ከስንት?

አሁን ወደ እናንተው፣ ወደ 12ኛ ክፍሎቹ ልምጣ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 896,520 ተማሪዎች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። አገር ጉድ አለ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። “በሦስት ዓመት ከእጥፍ በላይ አደገ!” ተባለ።

ደግ፤ ብረቱን ወደ ጆንያው እንክተተው። በ2017 ዓ.ም. የተፈተኑት 585,882 ናቸው። ከ2014ቱ በ310,638 ያነሱ! ሲሶው ተፈታኝ የለም። ያለፉት 48,929 ናቸው፤ ይህ በራሱ ከ29,909 ይበልጣልና እድገት የለም አልልም፤ ልጆቹም ለፍተው ነው ያገኙት። ግን 48,929ን ለ2014ቱ 896,520 አካፍሉት። 5.5 በመቶ ገደማ ይወጣል። ከ3.3 ወደ 5.5 እና ከ3.3 ወደ 8.4 አንድ ወሬ አይደሉም።

የቀሩት ሁሉ ቢቀመጡ ይወድቁ ነበር እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ያንን ማንም አያውቅም፤ ነጥቡም እሱ ነው። ሁሉም በአንድ ምክንያት ቀሩም አልልም። ይሁን እንጂ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ አማራ ክልል ውስጥ ጦርነት እንዳለ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች እንደተዘጉ፣ ብዙ ተማሪዎችም ለፈተና እንዳልተቀመጡ የማያውቅ የለም። ፈተና ላይ መቀመጥ ራሱ ወንፊት ሆኗል። መንገድ የተዘጋበት፣ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት፣ ወላጁ “ይቅርብህ” ያለው ልጅ በመቶኛው ውስጥ “ወደቀ” ተብሎ እንኳ አልተጻፈም። ከነጭራሹ የለም። የሌለ ልጅ ደግሞ አማካይ አያወርድም። አንድ ትምህርት ቤት ደካሞቹን ሁሉ አባሮ “መቶ በመቶ አሳለፍኩ” ቢል ታጨበጭባላችሁ?

ሁለቱ ሰነፎች

እዚህ ድረስ ያነበበ አንድ ወዳጄ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። “ድሮስ! ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው!” ይለኛል። አይ ወዳጄ፣ ከአንተም ጋር ጠብ አለኝ።

አገራችን ሁለት ሰነፎች አሏት። አንዱ በመቶኛ የተጻፈ ሁሉ ወንጌል ይመስለዋል። ሌላው ቁጥር በሰማ ቁጥር “ፖለቲካ ነው” ብሎ ይተኛል። ሁለቱም ጆንያውን አይወጉም። የሁለተኛው ስንፍና ብልህነት ስለሚመስል ይብሳል። ነጋዴው ጤፍ ሁሉ አሸዋ ነው ብሎ ቢያምን ኖሮ ገበያ አይወጣም ነበር። ብረት የያዘው ጥሩ ጤፍ እንዳለ ስለሚያምን ነው።

ቁጥር ሲጠፋ የሚጎዳው ደግሞ ድሃው ነው። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ተብሎ ከትንበያው በብዙ አንሶ ሲገኝ ፓርላማ ድረስ ጥያቄ አስነሥቶ ነበር። መልሱ እንደገና በጥንቃቄ መቁጠር ነበር። የሚቀጥለው ቆጠራ ግን ለ2010 ዓ.ም. ታቅዶ ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ፣ ይህን እስከምጽፍ ድረስም አልተካሄደም። ያ በ2008 ዓ.ም. የተደረገ ዳሰሳ እንኳ ዕጣውን ያወጣው ከ1999ኙ ቆጠራ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ካረጀ ከዚያ የሚወጣ ዕጣም አብሮ ያረጃል፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ሰፈር፣ ከዚያ ወዲህ የፈረሰ መንደር እዚያ ላይ የለም።

እስቲ አስቡት፤ ዛሬ 12ኛ ክፍል ያለ የ18 ዓመት ልጅ በአገሩ የሕዝብ ቆጠራ አንድም ቀን ተቆጥሮ አያውቅም።

ለመምህሮቻችን አንድ የቤት ሥራ

በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ናሙና አወሳሰድ አለ። የምንማረው ግን እንዴት ነው? “ናሙና ማለት ____ ነው።” “ከሚከተሉት ውስጥ የናሙና ዓይነት ያልሆነው የቱ ነው?” ትርጉሙን ሸምድደን እንፈተናለን፣ ፈተናው ሲያልቅ እንረሳዋለን። የአንድ ከተማ ጠቅላላ ሕዝብ ቁጥር ተሰጥቶን በቀመር እንሠራለን እንጂ፣ የራሳችን ክፍል ባዶ ወንበር ለምን ባዶ እንደሆነ ሒሳብ ነው ብሎ ያስተማረን የለም።

እኔ ብሆን አምበርም ሆነ ሌላ ቦታ ላለ የ11ኛ ክፍል እንዲህ ያለ ሥራ እሰጥ ነበር። ጥያቄው “በዚህ ዓመት ከተመዘገቡት ስንቱ አቋረጡ? ለምን?” ይሁን። ናሙናውን ዛሬ ክፍል ከተቀመጡት እንዳትወስዱ። የመስከረሙን መዝገብ አምጡና ቁጥር እየሰጣችሁ ዕጣ አውጡ። መዝገብ ላይ ያለ፣ ክፍል ውስጥ የሌለ ልጅ ዕጣው ከወጣ ቤቱ ድረስ ሂዱ፤ መንገዱ የሚያስኬድ ከሆነ። ዘጠነኛ ክፍል ጭራሽ ያልተመዘገቡትን ለማግኘት ደግሞ የስምንተኛ ክፍሉን ስም ዝርዝር ያዙ። ክፍል ላሉት ወረቀቱ ስም አይኑረው፤ ተጣጥፎ ሳጥን ውስጥ ይግባ፤ መምህሩም ውጭ ይቁም። ያላገኛችሁትን ሰው በሌላ ሰው አትተኩ፤ “አላገኘነውም” ብላችሁ ጻፉ። በመጨረሻም ስንቱን ፈልጋችሁ ስንቱን እንዳገኛችሁ ከውጤቱ በላይ በትልቁ አስቀምጡ።

ለዚህ ኮምፒውተር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው መዝገብ፣ የተቆራረጠ ወረቀት፣ ኮፍያና ሁለት እግር ነው።

ከዚያ በኋላ ማንም በማይክሮፎን “ጥናት አረጋግጧል” ቢላችሁ እጃችሁን አውጡና አምስት ነገር ጠይቁ። ማን ተጠየቀ? ማን መረጠው? ማን ጠየቀው፣ በማን ፊት? መቼ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ማን ቀረ? መልስ ካላገኛችሁ አታጨብጭቡ።

እኔ ያን ጊዜ አጨብጭቤያለሁ። ከኋላዬ የነበረው ወንበር ባዶ መሆኑን እያወቅሁ፣ ለምን ባዶ እንደሆነም እያወቅሁ፣ ቁጥሩ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ መስሎኝ አጨበጨብኩ። እናንተ ግን መጀመሪያ ወደ ኋላ ዞር ብላችሁ ወንበሩን እዩ።